የጋሽ አብርሃ የወረቀት ቤቶች

ጋሽ አብርሃ ማረፋቸውን የሰማሁ ጊዜ እኔ ስለ ፕሪንተር እየዋሸሁ ነበር። ዋሸሁ ማለቴ... አጋነንኩ እንበል። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በአንዱ ነው የምሠራው። አንዲት ደንበኛ «ይሄ ቶሎ አይበላሽም?» ብላ ጠይቃኝ፣ እኔ ደግሞ «ኧረ እመቤቴ፣ ለልጅ ልጅዎ ያወርሱታል!» እያልኩ እምላለሁ። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። እናቴ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ሄኖኬ፣ አብርሃ አረፉ አሉ» አለችኝ።

«የቱ አብርሃ?»

የቱ አብርሃ! ይቺ ጥያቄዬ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች። በሕይወቴ የማውቀው አንድ አብርሃ ነው።

«የካዛንቺሱ ናቸዋ! ጋሽ አብርሃ! የወረቀት ቤት የሚሠሩት!»

ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ጓዳ ገባሁና ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። የመጣብኝ እንባ አልነበረም፤ እፍረት ነው። ለጋሽ አብርሃ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ፣ በቃ፣ ቀረሁ።

ጋሽ አብርሃ ካዛንቺስ አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸው በክር ከአንገታቸው የታሰረ፣ ከኮታቸው የደረት ኪስ ሦስት እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድራፍትስማን ሆነው መሐንዲሶች ያሰቡትን ሕንፃ በወረቀት ላይ ሲያሰምሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ልጅ የላቸውም። ከባለቤታቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር በእኛ ፊት አማርኛ ያወራሉ፤ ሊጨቃጨቁ ሲፈልጉ ግን ወደ ትግርኛ ይሻገራሉ። እኛም ድምፃቸው በአጥር ሲመጣ «ዛሬም ተሻገሩ» እያልን እንስቅ ነበር።

አንድ አባባል ነበራቸው፦ «መጀመሪያ እጠፈው፣ ከዚያ እመነው።» ለወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጫማ ሲገዙ ሶሉን አጥፈው ነው። ቀበቶ አጥፈው ነው። አንድ ጊዜ ምንጣፍ ሊገዙ ሄደው ጥግ ጥጉን እያጠፉ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሲጫኑት ባለሱቁ ትዕግሥቱ አልቆ «አባባ፣ ምንጣፍ ነው እኮ፣ ጋዜጣ አይደለም!» ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸው ከምንም ሳይቆጥሩት አራተኛውን ጥግ አጠፉ። ካልሞከሩት ነገር ጋር ቤታቸው የማይገቡ ሰው ነበሩ። ይሄን ያዙልኝ፤ የእኔ ጥፋት ክብደቱ የሚገባችሁ ይሄን ካወቃችሁ ነው።

ሰፈራችን ለልማት ይፈለጋል፣ ይፈርሳል የተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ሆዱ ባባ። ግማሹ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል፣ ሌላው ኪራይ ፍለጋ ይራወጣል። በእድር ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ ለመታሰቢያ ፎቶ አንሺ እንጥራ አለ። ጋሽ አብርሃ እጃቸውን አወጡ።

«ፎቶ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ፎቶ ፊት እንጂ ጓሮ የለውም። እኔ የእያንዳንዳችሁን ቤት በወረቀት ሠርቼ እሰጣችኋለሁ። ጣሪያው የሚነሣ፣ ውስጡ የሚታይ። የመጨረሻው ስብሰባችን ቀን ሁላችሁም ቤታችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።»

በእድራችን ሃያ ሁለት ቤት ነበር። ሰዉ ለወጉ አጨበጨበና ወደ ፎቶው ተመለሰ። እውነት ለመናገር ማንም አላመናቸውም።

በማግስቱ ጋሽ አብርሃ ሜትርና ደብተር ይዘው ብቅ ሲሉ ሰፈሩ ተተረማመሰ። ከቀበሌ ተልከው መስሏቸዋ! አንዷ ልጆቿን በር ዝጉ ብላ አዘዘች፣ ሌላዋ የማድቤቷን ማዕዘን በጆንያ ሸፈነች። የሁሉም ቁንጮ ግን እማማ ጌጤ ነበሩ። እማማ ጌጤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ጭቃ ቤት የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ።

«ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሆኑ አፍራሹ? ይሂዱልኝ ከደጄ!»

ጋሽ አብርሃ ሜትራቸውን ሰብስበው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ነሥተው ሄዱ።

ነገሩ የተለወጠው የመጀመሪያዋ ቤት ስትደርስ ነው። የእድሩን ዳኛ ቤት ሠርተው ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ መሀል አስቀመጡት። ጉድ ነበር! የቆርቆሮው ሽንሽን ሳይቀር ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ ወጥቷል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ጣሪያ ላይ የተጫነው ድንጋይ ራሱ አልቀረም። ወረቀቱ የሰርግ ጥሪ የሚታተምበት ዓይነት ወፍራም ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳኛው ጣሪያውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ ውስጥ አዩ። «ይቺውና ሳሎኔ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ጌጤ ጋሽ አብርሃ በር ላይ ቆመዋል። እኔ ወደ ሥራ ስወጣ ነው የሰማኋቸው።

«አቶ አብርሃ፣ የዚያን ዕለቱን ይርሱልኝ። ይምጡና ይለኩ። ብቻ አንድ ክፍል ናት ብለው እንዳይንቋት።»

«እማማ፣ ቤት በክፍል ብዛት ነው እንዴ? የእርስዎን ሳልሠራ የትም አልሄድም።»

«አደራ!»

«አደራ በላ አያድርገኝ» አሉ ጋሽ አብርሃ፣ ያኔውኑ ሜትራቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ የሃያ ሁለቱንም ቤት ለክተው በስስ ወረቀት ነደፏቸው። የግድግዳው፣ የጣሪያው፣ የበሩ ዝርግ ሁሉ ወጥቶ አለቀ። የቀረው ንድፉን ወደ ወፍራሙ ወረቀት አዛውሮ፣ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በኮላ ማጣበቅ ነው። ስድስት ቤት በእጃቸው እንደሠሩ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሳቸው ይቀልዱበታል፤ «እጄ ጡረታዋን አስባ መደነስ ጀመረች» ይላሉ። መስመር ማስመር ግን ቀረ። መቀሱን እትዬ ለተብርሃን ይዙት ነበር፤ የልብስ ስፌት ሲሠሩ ስለኖሩ እጃቸው አይስትም። የጠፋው መስመር የሚያሰምር እጅ ነው።

ጋሽ አብርሃ ዝም ብለው የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። ንድፎቹን በሙሉ ስካን አስደርገው ፍላሽ ላይ አስጫኑ። ያኔ ፍላሽ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ዘመን ነበር፤ እሳቸውም ከመነጽራቸው ክር ጋር አብረው አንጠለጠሉት። ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር አላቸው። መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ሞከሩ፤ አንዱ «አባት፣ ይሄ ወረቀት ማሽናችንን ያንቅብናል» ብሎ መለሳቸው። ሌላው በሌዘር አተመላቸው፤ ያምራል፣ ግን ሲታጠፍ ጥቁሩ እንደ ደረቀ ቅርፊት ከማጠፊያው ላይ ተላጠ። ደግሞም ሥራው አንዴ አትሞ የሚያበቃ አይደለም። ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ሳይገጥም ሲቀር ታርሞ፣ እንደገና ይታተማል። ስለዚህ ፕሪንተር ቤታቸው መኖር ነበረበት።

እናም ወደ እኔ መጡ።

ሱቅ ሲገቡ ወፍራሙን ወረቀት በጋዜጣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውት ነበር። አለቃዬ ነበረ፣ ሁለት ደንበኞችም ነበሩ። «ሄኖክ ልጄ፣ ለዚህ ወረቀት የሚሆን ፕሪንተር ምረጥልኝ» አሉና ጥያቄያቸውን አከታተሉት። ቀለሙ ዱቄት ነው ወይስ የሚረጭ ፈሳሽ? ዱቄት ከሆነ አይሆንም፤ ይላጣል። ፈሳሽ ከሆነ ኮላ ሲነካው ይፈሳል ወይስ ይችላል? ወረቀቱስ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

«ዋናው ይሄ የመጨረሻው ነው» አሉ፣ አንድ ወረቀት አውጥተው እያሳዩኝ። «ስስ ወረቀት በፊት ገብቶ፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ዞሮ፣ በፊት ቢወጣ ግድ የለም። ይሄ ግን ወፍራም ነው፤ አይዞርም። ከኋላ ገብቶ በፊት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ማሽን ነው የምፈልገው።»

ይኸው! ሰውዬው ፕሪንተር ሳይኖራቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር። እኔ ግን ሁለት ዓመት ስለሸጥኩ ብቻ ሊቅ የሆንኩ መስሎኛል።

በፈሳሽ ቀለም የሚሠሩ ሁለት ማሽኖች ነበሩን። አንዱ አዲስ፣ በካርቶኑ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከላዩ ስካነር ያለው። ወረቀቱ ከታች በፊት ይገባና ሆዱ ውስጥ ዞሮ ይወጣል። ሁለተኛው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ሰው የተጠቀመበት፣ ፕላስቲኩ የወየበ፣ ካርቶን የሌለው አሮጌ ማሽን ነው። እሱ ወረቀቱን ከኋላው አቁሞ ይቀበልና በፊት ቀጥ አድርጎ ያወጣል። ጋሽ አብርሃ ገና ቀና ሲሉ አዩት።

«ያቺስ?»

«ኧረ ይተዋት ጋሽዬ፣ አሮጌ ናት፣ አትሆንዎትም።»

ግማሽ ልቤ ትሆናቸዋለች ብሎኝ ነበር፤ ይሄን አልክድም። ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። ጋሽ አብርሃ የወየበ ማሽን ተሸክመው ሰፈር ሲገቡ ታየኝ። የእናቴ ጓደኞች «የአጥር ጎረቤቱን ሄኖክ አሮጌ ዕቃ አሸከማቸው» ሲሉ ተሰማኝ። ትልቅ ሰው አምኖኝ መጥቶ አዲስ ዕቃ ሳልሰጠው ብቀር ሰው ምን ይለኛል? በቃ ይሄው ነው። ክፋት አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው። ግን የይሉኝታ ጥፋት ከክፋት ያንሳል ያለው ማን ነው?

«እሺ፣ አዲሱን በእኔ ወረቀት እንሞክረው» አሉ።

«መብራት የለም ጋሽዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።»

«እጠብቃለኋ! ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?» ብለው ወንበር ስበው ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። መብራቱ ወይ ፍንክች። አለቃዬ አሁንም አሁንም ያየኛል፤ ደንበኞቹ ፈገግ ይላሉ። እኔ ደግሞ የሰፈሬ ሰው ምንም ሳላጠፋ እንደ ሌባ የሚጠብቀኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

«ኧረ ጋሽዬ! እኔን አያምኑኝም እንዴ?»

ይቺን ቃል ከምናገር ምነው ምላሴን በቆረጠው! የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ልጅህ የሚሆን ሰው በሰው ፊት እንዲህ ካለህ በኋላ ወዴት ይኬዳል? ምንጣፍ አጥፈው የሚገዙት ሰው ቀና ብለው አዩኝ። አለቃዬን አዩ። ከዚያ ብድግ አሉ።

«እንዴት ሆኖ ልጄ! አምንሃለሁ እንጂ» አሉና ወረቀታቸውን መልሰው በጋዜጣው ጠቀለሉት።

ካርቶኑን ተሸክሜ ታክሲ ላይ ጫንኩላቸው። ኩራቴን ብታዩት!

ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «እንዴት ነው ማሽኑ ጋሽዬ?» ስላቸው፣ «እንደ ጉድ!» አሉኝ። ሌላ ጊዜም «እንደ ጉድ!» አሉኝ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ልካኝ ቤታቸው ገባሁ። ፕሪንተሩ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እትዬ ለተብርሃን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው በእስክሪብቶ የሆነ ነገር ይጫኑ ነበር፤ ሲያዩኝ ጋዜጣ አለበሱት። ከጋዜጣው ጠርዝ ስር የሰማያዊ ካርቦን ወረቀት ጥግ ወጥቶ አየሁ። በትግርኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሽ አብርሃ እጃቸውን አወዛውዘው ዝም አሰኟቸውና «ለልጁ ሻይ አምጪለት» አሉ በአማርኛ።

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ምንም አልጠየቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ የእኛን ቤት ይዘው መጡ። እናቴ ያንን የወረቀት ቤት ሳመችው። በረንዳችን፣ የውሃ በርሜላችን፣ ሁሉ ነገር አለ። እሷ ጎረቤት ለመጥራት ስትወጣ እኔ ጠጋ ብዬ አየሁት። መስመሩ ሰማያዊ ነው። ለጋሽ አብርሃ የሸጥኩላቸው ቀለም ግን ጥቁር ብቻ ነበር።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ማሽኑ ወፍራሙን ወረቀት እምቢ ብሏል። እትዬ ለተብርሃን ንድፉን በካርቦን እየተጫኑ፣ መስመር በመስመር፣ በእጃቸው እያዛወሩ ነው። አሮጌው ማሽን ደግሞ አሁንም መደርደሪያችን ላይ ነበር! አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይዤው መሄድ ነው፣ በቃ። «ጋሽዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ነው። ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆንኩ። እሳቸው እንደ ጉድ ይሠራል ካሉኝ፣ አይሠራም ብዬ ላሳፍራቸው ነው? እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሦስት ወር ያህል በየጠዋቱ የዚያን ማሽን አቧራ ጠረግኩ። ከዚያ ሌላ ሰው ገዛው።

የመጨረሻው የእድር ስብሰባ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ድንኳኑ ተጥሎ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የወረቀት ቤቶቹ ተደርድረዋል። አስራ አምስት ናቸው። ሰባት ቤት አልደረሰም። እማማ ጌጤ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቤታቸውን ጠቅልለው የሚወስዱበት ነጭ ጨርቅ ጭናቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል።

ቤቶቹ ስም እየተጠራ ታደሉ። እልልታው፣ ሳቁ፣ ለቅሶው ሌላ ነው። ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ጋሽ አብርሃ ተነሡ። ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ነበር።

«ያልደረሰላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጀምሬ አዘገየሁ። ባላችሁበት አመጣላችኋለሁ።»

«የእኔስ አቶ አብርሃ?» አሉ እማማ ጌጤ።

«የእርስዎም እማማ። ይመጣል።»

እማማ ጌጤ ጨርቃቸውን አዩ። «ትንሽ ስለሆነች ነው አይደል?» አሉ።



«አይደለም እማማ! እግዚአብሔር ያውቃል፣ አይደለም። ቀላሏን ለመጨረሻ አቆይቼ ጊዜ ቀደመኝ እንጂ።»

እኔ ከእናቴ አጠገብ ነበርኩ፤ የእኛን ቤት ጭኔ ላይ ይዤ። ብድግ ብዬ «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ስድስት ቃል እንኳን አይሞላም። መሬት መሬት አየሁ። እማማ ጌጤ ጨርቃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ምግብ ሳይቀርብ ወጥተው ሄዱ። ጋሽ አብርሃ እስከ ድንኳኑ በር ተከትለዋቸው ቆሙ።

ሰፈሩ ፈረሰ። እድሩም ተበተነ። እኛ በአንድ በኩል፣ እማማ ጌጤ ጎተራ፣ ጋሽ አብርሃና እትዬ ለተብርሃን ላንቻ ኪራይ ቤት። ከዚያ በኋላ ጋሽ አብርሃን አንዴ ብቻ ነው ያየኋቸው፣ ላንቻ ታክሲ መያዣው ጋ። እጃቸው ብሶባቸው እትዬ ለተብርሃን ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል። ስመው፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ታክሲ መጣ።

«በርታ ልጄ» አሉኝ ሲሳፈሩ። «ደንበኛ አታስቸኩል።»

ከዚህ ሌላ አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ይሄም ወቀሳ መሆኑን እንጃ።

ሲያርፉ አስከሬናቸው ወደ ተወለዱበት አገር፣ ወደ ትግራይ ተወስዶ ተቀበረ። እትዬ ለተብርሃን ቀብረው ሲመለሱ ላንቻ ለቅሶ ተቀመጡ፤ የድሮው ሰፈር ሰው ከየተበተነበት መጣ። ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩና «እትዬ፣ ያ ፕሪንተር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው እሱን» አሉኝ።

«አይሠራም ነበር አይደል?»

እትዬ ለተብርሃን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንድ ወረቀት ብናስገባ ጨማደደው። ሁለተኛውን ነክሶ ያዘው፤ በወረንጦ ነው ጎትተን ያወጣነው። ከዚያ በኋላ ዳንቴል አለበስኩት።»

«ታዲያ ምነው ባትመልሱት?»

«እኔማ እንመልሰው ብዬ ተጣልቼዋለሁ። እምቢ አለኝ። ‹ልጁ በአለቃው ፊት እመነኝ ብሎኛል። አሁን ተሸክሜው ብሄድ ምን ፊት ይኖረዋል?› አለኝ።» ደግሞም «የእናትህንም ቤት ያስቀደምነው ለዚያ ነው» አሉ። «ተራው የጌጤ ነበር። አንድ ክፍል ናት፣ በሁለት ቀን ታልቃለች ብለን ጀምረናት ነበር። ‹የሄኖክን እናት እናስቀድም፣ ልጁ እንዳይጠራጠር› አለ። የእናንተ ደግሞ ትልቅ ቤት ነው፣ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ የእኔም ዓይን ደከመና ሌላ ቤት መሥራት አልቻልንም።»

ለቅሶ ቤት ነበርና ያለቀስኩት ማንንም አልገረመም።

ስወጣ ፍላሿን ሰጡኝ። «ከቻልክ የቀሩትን አንተ አድርስለት» አሉኝ። እንግዲህ ሰው ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ያድራል? እኔ አራት ወር አደርኩ። ወረቀቱ ጠፋ፣ ሥራ በዛ፣ ጊዜ አጣሁ... ምክንያት መቼ ይጠፋል። በዚህ መሀል እትዬ ለተብርሃን የአርባውን ተዝካር አውጥተው፣ ቤቱን ለባለቤቱ አስረክበው፣ ጠቅልለው ወደ ዘመዶቻቸው አገር ገቡ።

በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ጋ ከኋላ የሚጎርስ ማሽን አገኘሁ። ፍላሿን ሰካሁ። ጋሽ አብርሃ ለእያንዳንዱ ቤት የባለቤቱን ስም ጽፈውበታል። «ጌጤ» የሚለውን ከፈትኩና ወፍራሙን ወረቀት ከኋላ አቆምኩት። ማሽኑ ጎተተው፣ ሳያጥፍ፣ ሳይነክስ በፊት ቀጥ አድርጎ አወጣው። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሁለት ሰዎች ዓይናቸው እስኪጠፋ የለፉበት፣ አንድ ደቂቃ አልሞላም! በዚህ በሱቅ ሠራተኛ እጄ እያጠፍኩ፣ እያበላሸሁ፣ እንደገና እያተምኩ፣ ኮላው ጣቴ ላይ እየደረቀ እሑድ ሙሉ ሠራሁት።

ጎተራ ስሄድ እማማ ጌጤ በሩን ከፍተውልኝ መጀመሪያ አላወቁኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው አገላብጠው ስመው አስገቡኝ። ቤቷን ፊታቸው ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት።

«ጋሽ አብርሃ ናቸው የሠሩልዎት» አልኩ።

ጣሪያዋን በቀስታ አንሥተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ጋሽ አብርሃ አልጋቸውን፣ መደባቸውን፣ ከራስጌው በላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ አንዲት ምስማር ነድፈው ነበር። እማማ ጌጤ ምስማሯን በጣታቸው ነኩ።

«የባለቤቴ ካፖርት የሚሰቀልባት» አሉ። «እሷንም አይተዋታል። መቼ ነው የነደፉት?»

«ያኔ እማማ፣ የለኩ ጊዜ። አልቆ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ አብርሃ አልረሱዎትም።»

ጣሪያዋን መልሰው ገጠሟት። እጃቸውን ከላይዋ አላነሡም።

«ለቅሷቸው አልመጣሁም እኮ» አሉ። «ተደውሎልኝ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ እስከ ታክሲው ሄጄ ተመለስኩ። ቤቴን ቤት ብሎ ያልቆጠረ ሰው እኔንስ ለቀስተኛ ብሎ ይቆጥረኛል ወይ ብዬ፣ ከመንገድ ተመለስኩ።»

ያኔ ነገርኳቸው። ስለ መብራቱ፣ መደርደሪያው ላይ ስለነበረው አሮጌ ማሽን፣ አያምኑኝም እንዴ ስላልኩት፣ ስለ ሰማያዊው መስመር፣ ተራቸው ለእናቴ ቤት ስለመሰጠቱ፣ በድንኳኑ ውስጥ ዝም ስለማለቴ፣ ሁሉንም። ለጋሽ አብርሃ ልነግራቸው የነበረውን በሙሉ ለእሳቸው ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በረገሙኝ በወደድኩ።

እማማ ጌጤ አልረገሙኝም።

«ለተብርሃንስ የት ናት?» አሉኝ።

«አገራቸው ገቡ እማማ።»

«መቃብሩስ?»

«እዚያው ነው።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ እንደገና አዘቅዝቀው ለበሱት።

«ታዲያ እኔ አሁን የት ሄጄ ላልቅስላቸው፣ ልጄ?»